አቦል፤ ከካፋ ደን እስከ ጠፈር

እ.ኤ.አ. በ1753 ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ የዓለምን ዕፅዋት በየስማቸው የዘረዘረበትን ታላቅ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ለቡና ተክል «ኮፊያ አረቢካ» የሚል ስም አወጣለት። አውሮፓ ቡናን ያወቀችው ከየመን ወደቦች በሚጫን ፍሬ ስለነበር፣ ሊቁም ተክሉን የዐረብ አገር ተወላጅ አድርጎ መዘገበው። ከቀይ ባሕር ወዲህ፣ ከጎጀብ ወንዝ ማዶ፣ ያው ተክል ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅል፣ ያብብ፣ ያፈራ ነበር። የካፋ ሰው «ቡኖ» ይለዋል። መጽሐፉ ላይ ግን የካፋ ስም አልተጻፈም። ቡና በዓለም ፊት በሌላ አገር ስም ተጠራ፤ እስካሁንም ይጠራል።

ከዚያ ሰባ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ አንድሮሜዳ በሚባለው የሰማይ ክፍል ካለ አንድ ኮከብ ብርሃን ተነሣ። ከኮከብ ብርሃን የማይነሣበት ጊዜ የለም፤ የዚያን ዘመኑን ለይተን የምናነሣው ወደ እኛ ለመድረስ 200 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት ነው። ኮከቡ ያኔ ስም አልነበረውም። ብርሃኑ ሲነሣ ካፋ በራሷ ንጉሥ የምትተዳደር አገር ነበረች። ንጉሡ «ታቶ» ይባላል፤ «ሚክሬቾ» ከሚባሉ መማክርቱ ጋር ይመክራል፤ የአገሩን ወሰን በጥልቅ ጉድባ ያስጠብቃል። በደኑ ውስጥ ቀፎ ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ኮረሪማና ጥምዝ ይለቀማል፤ ቡናውም ሲቀላ ይለቀማል።

ይህ ታሪክ በእነዚያ 200 ዓመታት ውስጥ ኢትዮጵያ ወደ ሰማይ ያደረገችው ጉዞ ነው። ጉዞው ሰው ወደ ጠፈር እስከ መላክ አልደረሰም። ለዚያ የሚያበቃው መሠረት ግን መጣል ከጀመረ ቆይቷል፤ የካፋ ደንም ገና ከጅምሩ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ።

መስከረም 1950

እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋን ድል አደረገ። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩ፤ ካፋም በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ገባች። ብርሃኑ በዚያን ጊዜ ከመንገዱ ሲሶውን አልፎ ነበር።

ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ ዓለም ወደ ጠፈር ዘመን ገባች። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሶቭየት ኅብረት የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክን አመጠቀች። ወቅቱ የዓለም ሳይንቲስቶች ምድርንና በዙሪያዋ ያለውን ጠፈር በኅብረት የሚያጠኑበት «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ነበር። ኢትዮጵያም ተካፋይ ሆነች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፒየር ጉዊን የመሩት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በዚያው ዘመን ሥራ ጀመረ።

አገሪቱ ለዚህ ሥራ የተፈለገችው በበቂ ምክንያት ነው። የምድር ማግኔታዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ፣ ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ፀሐይ ስትወጣ የሚበረታ ስትጠልቅ የሚደክም የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ጅረቱ ሲበረታና ሲደክም በመሬት ላይ ያለው የማግኔት መርፌ በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል። አዲስ አበባ ላይ ያንን መንቀጥቀጥ ቀን ከሌት መመዝገብ ማለት፣ በእጅ የማይደረስበትን የጠፈር ደጃፍ ከመሬት ሆኖ ማዳመጥ ነበር። ኢትዮጵያ ስለ ጠፈር በራሷ መሬት ላይ የለካችው ነገር የጀመረው እንዲህ ነው፤ ሮኬት ሳይኖር፣ በመርፌና በመዝገብ።

ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ዩሪ ጋጋሪን በ108 ደቂቃ ምድርን ዞሮ ተመለሰ። ሐምሌ 1961 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች ጨረቃን ረገጡ። በአፖሎ 11 ተጓዦች ስንቅ ውስጥ ደርቆ በከረጢት የታሸገ ቡና ነበር፤ ውሃ ጨምረው ይጠጡታል። ቡና ከሰው ጋር ምድርን ለቆ ወጣ። የቡና አገር ሰው ግን አብሮ አልነበረም።

በሌላ ሰው ዓይን

የጠፈር ጉዞ የኃያላን ብቻ መሆኑ እየቀረ መጣ። ሶቭየት ኅብረት «ኢንተርኮስሞስ» በተባለው መርሐ ግብሯ የወዳጅ አገሮችን ዜጎች ከራሷ ጠፈርተኞች ጋር መላክ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1980 ቬትናማዊው ፋም ቱዋንና ኩባዊው አርናልዶ ታማዮ ሜንዴዝ ተራ በተራ ወጡ፤ ታማዮ ከአፍሪካ የዘር ሐረግ ካላቸው ሰዎች ሁሉ ወደ ጠፈር የወጣ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በማግስቱ ዓመት ሞንጎሊያ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ሕንድ ተከተሉ። የዚያ ዘመኗ ኢትዮጵያ የሶቭየት ወዳጅ ብትሆንም ተራው አልደረሳትም።

የሕንድ ነገር ከሌሎቹ ለየት ይላል። ሕንድ የመጀመሪያውን ሮኬት ከምድሯ የተኮሰችው እ.ኤ.አ. በ1963 ቱምባ ከምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር። የሮኬቱ ክፍሎች በብስክሌት ተጭነው ይመላለሱ ነበር፤ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቢሮ ሆኖ አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1975 የመጀመሪያዋ የሕንድ ሳተላይት አርያባታ የመጠቀችው በሶቭየት ሮኬት ነው። ሮኬቱ የሌላ፣ ሳተላይቷ የራሳቸው። ይህን እናስታውሰው፤ ከ44 ዓመት በኋላ በእኛም አገር ይደገማልና።

በኢትዮጵያ የ77ቱ ድርቅ መጣ። ረኀቡ የመቶ ሺዎችን ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ፣ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 የረኀብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋመ። ከዋና መሣሪያዎቹ አንዱ ሳተላይት ነበር። አሠራሩ ለገበሬ እንግዳ አይደለም፤ ማሳውን አይቶ «ዘንድሮ ወዙ የለም» እንደሚለው ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፤ ለዓይናችን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ደግሞ አብዝቶ ይመልሳል። ሲጠወልግ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ሳተላይቱ ልዩነቱን ለክቶ፣ የአምናና የዘንድሮውን አመሳክሮ፣ እህሉ ገና ሳይታጨድ የትኛው አውራጃ እንደሚቸገር ይጠቁማል።

ምስሉ ግን ከሌላ አገር ሳተላይት፣ በሌላ አገር ቋት አልፎ ነበር የሚመጣው። ኢትዮጵያ ሳተላይትን የተዋወቀችው ችግሯን በሌላ ሰው ዓይን በማየት ነው። የኋላው ትጋት ከየት እንደ መጣ የሚገባን ይህን ስናስታውስ ነው።

አርባ ሰባቱ

እ.ኤ.አ. በ2004 አርባ ሰባት ሰዎች ተሰባስበው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን መሠረቱ። «እንጀራ ሳይጠግቡ ስለ ኮከብ?» የሚል ጥያቄ ገጠማቸው፤ እብድ ያሏቸውም ነበሩ። እነሱ ግን በየትምህርት ቤቱ ክበብ እያቋቋሙ፣ ተማሪውን ቴሌስኮፕ እያሳዩ ቀጠሉ። አባላቸው ወደ አሥር ሺህ ደረሰ።

ሥራቸው በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ፍሬ አፈራ። የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ በ2007 ዓ.ም. ተመረቀ። ለግንባታው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል፤ ገንዘቡንም ሼክ ሙሐመድ አል-አሙዲ ደገፉ። የአዲስ አበባ መብራት ወደ ላይ እያንጸባረቀ ሰማዩን ያደበዝዘው ስለነበር፣ ጨለማው በጠለቀበት በላሊበላ ተራሮች ላይ ሌላ ኦብዘርቫቶሪ ታሰበ። በ2009 ዓ.ም. መንግሥት የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዶክተር ሰሎሞን በላይም መሩት። በዚያው ዘመን ከቻይና ጋር የመጀመሪያዋን ሳተላይት የመሥራት ስምምነት ተፈረመ። ለወጪዋ ከታሰበው 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ 6 ሚሊዮን ያህሉን ቻይና ልትሸፍን፣ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም በሥራው እየተሳተፉ ሊማሩ ነበር።

ደኑ ከላይና ከታች

የእንጦጦው ሥራ በሚፋጠንበት ዘመን ካፋ በራሷ በኩል ሌላ የጠፈር ሥራ ጀምራ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የካፋን ደን በዓለም የሕይወት ክልልነት መዘገበው። ከአገሪቱ ከቀሩት ጥቂት የተራራ ደኖች አንዱ፣ የዱር አረቢካ ቡናም መኖሪያ ነው። ግን እየሳሳ ነበር። የእርሻ መሬት ይሰፋል፤ ሰፈራ ይጨመራል፤ የቡናና የሻይ እርሻ ኢንቨስትመንት ይገባል፤ ለማገዶ ይቆረጣል። በስንት ይሳሳል? የት? መቼ?

እ.ኤ.አ. ከ2012 በኋላ ባሉት ዓመታት የሆላንድ ተመራማሪዎችና ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ከካፋ ሰዎች ጋር ሆነው ይህን ለመመለስ ተነሡ። ከላይ ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ነበሩ፤ ከ700 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው በየ16 ቀኑ እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳሉ። ምስላቸው እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ለዓለም ሁሉ በነጻ ተከፍቷል፤ ለድሃ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ከታች ደግሞ የአካባቢው ልጆች የሆኑ ሠላሳ ያህል የደን ጠባቂዎች ነበሩ።

ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። የሳተላይቱ ምስል ከትንንሽ ነጥቦች የተሠራ ነው፤ አንዷ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር የሆነች መሬት ናት፤ አነስ ያለ ጓሮ ማለት ነው። በዚያች ቦታ ላይ አንድ ዛፍ ቢወድቅ ነጥቧ ብዙም አትለወጥም። ካፋ ደግሞ ዝናብ የማይጠፋባት አገር ናት፤ ሳተላይቱ ሲመጣ ደመናው ሸፍኖት ደጋግሞ ያልፋል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ቡናው ራሱ ነው። ቡና የሚወደው ጥላ ነው፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ይኖራል። አንድ ሰው ቡናውን ለማስፋት ከሥር ያለውን ቁጥቋጦ መንጥሮ፣ ችግኞቹን ነቅሎ፣ ትልልቆቹን ዛፎች ብቻ ቢያስቀር፣ ከላይ የሚታየው ያው አረንጓዴ ጣሪያ ነው። ደኑ ከውስጡ ባዶ እየሆነ ከሰማይ ሲታይ ግን ሙሉ ይመስላል።

ያንን የሚያየው ደን ጠባቂው ነው። ስማርት ስልኩን ይዞ ወደ ደኑ ይገባል። የተመነጠረ ቦታ ሲያገኝ ይቆማል፤ ጂፒኤሱ ቦታውን ይመዘግባል፤ በአራት አቅጣጫ ፎቶ ያነሣል፤ ቅጹ ላይ ምን እንደ ሆነ፣ በምን ምክንያት እንደ ሆነ ይሞላል። ለእርሻ ነው? ለቤት? ለቡና? ሳተላይት ምክንያትን አያውቅም፤ የሚያውቀው ሰፈርተኛው ነው። በአንጻሩ ሳተላይቱ እግር የማይደርስበትን ጉራንጉር ያያል፤ የዛሬ አሥርና ሃያ ዓመቱንም ያስታውሳል። ሁለቱ መረጃዎች ሲጋጠሙ እያንዳንዱ ብቻውን ከሚናገረው ይበልጥ የታመነ ሥዕል ወጣ፤ ውጤቱም በዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔቶች ላይ ታተመ።

እኔ ይህን ከኢትዮጵያ የጠፈር ታሪክ ትልልቅ ምዕራፎች እንደ አንዱ አየዋለሁ። የጠፈር ሥራ የሚባለው ሮኬት ማስወንጨፍ ብቻ ቢሆን ካፋ ምንም ድርሻ አይኖራትም ነበር። ከላይ የታየው እውነት መሆኑን ከታች ቆሞ የሚያረጋግጥ ሰው ከሌለ ግን የሳተላይት ምስል ቀለም ብቻ ነው። ያ ሰው ከዛፉ ሥር የቆመው የካፋ ልጅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2017 የብሪታንያና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የሳተላይትና የመስክ መረጃ አጋጥመው ሌላ ነገር ተናገሩ። የአየር ንብረቱ እንዲህ መሞቁን ከቀጠለ፣ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይስማማ ሊሆን ይችላል፤ ቡና ወደ ከፍታው ከወጣና ደን ከተጠበቀ ግን የሚስማማው መሬት በብዙ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ለካፋ ገበሬ ይህ የልጁ እንጀራ ጉዳይ ነው። የራስ ዓይን በሰማይ ላይ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

አተላ የማይረጋበት

በእነዚሁ ዓመታት ቡናም በጠፈር የራሱን ታሪክ ቀጥሎ ነበር። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይዞራል፤ በዙረቱም በካፋ ሰማይ ያልፋል። ከካፋዋ ከተማ ከቦንጋ እስከ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ ከዚያ ይረዝማል። ለቦንጋ ልጅ ጠፈር፣ መንገዱ ቢኖር፣ ከዋና ከተማው ይልቅ ይቀርበው ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ዶናልድ ፔቲት በጠፈር ቡና ከከረጢት በቀሰም መምጠጥ ሰልችቶት፣ ከአንድ የፕላስቲክ ወረቀት አጥፎ ስኒ ሠራ። ጎኑ ሹል ነው፤ ፈሳሹ በሹሉ ጥግ ተስቦ እንደ ላምባ በፈትል ወደ ከንፈር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጣሊያናዊቷ ሳማንታ ክሪስቶፎሬቲ ለጠፈር ተብሎ በተሠራ ማሽን የተፈላ ቡና በእንዲህ ዓይነት ስኒ ጠጣች።

ይህን ሲሰማ ኢትዮጵያዊ ስለ ጀበና ማሰቡ አይቀርም። ጀበና በምድር ስበት የሚሠራ ዕቃ ነው። ቡናው ሲፈላ አረፋው ወደ አንገቱ ይወጣል፤ ከዚያ ወርዶ እንዲሰክን ዘንበል ተደርጎ ይቀመጣል፤ አተላው ይዘቅጣል፤ የጠራው ከላይ ይቀራል፤ ከዚያ ነው ከከፍታ ወደ ስኒው የሚቀዳው። በጠፈር ከእነዚህ አንዱም አይሆንም። አረፋ ወደ ላይ አይወጣም፤ ላይና ታች የለምና። አተላው አይረጋም፤ በፈሳሹ ውስጥ እንደ ተበተነ ይቀራል። ቢዘነበልም አይቀዳም። ጭሱም ሽቅብ አይሄድም። ጣሊያናውያን ኤስፕሬሶ በጠፈር እንዴት እንደሚፈላ አስበው መልሱን ሠሩ። የጀበና አተላ በጠፈር እንዴት እንዲረጋ እንደሚደረግ የሚያስብ ግን የጀበና አገር ልጅ ነው። የራስ ሰው ወደ ጠፈር የመውጣቱ ትርጉም ከዚህ ይጀምራል፤ የራስን ጥያቄ ይዞ መውጣት ነው።

የታኅሣሥ ሳምንት

በ2012 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ባንድ ሳምንት ተገናኙ።

እ.ኤ.አ. 2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ያከበረበት ነበር። ለበዓሉም ከመቶ በላይ ለሆኑ አገሮች አንድ አንድ ኮከብና የሚዞረውን ፕላኔት ሰጥቶ «ስም አውጡላቸው» አለ። ለኢትዮጵያ የደረሳት በቁጥር ብቻ የሚታወቅ፣ በአንድሮሜዳ ያለ ኮከብ ነበር። ፕላኔቱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ ከጁፒተር በብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ኮከቡን አንድ ጊዜ ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። በቀጥታ ያየው ሰው የለም። ፕላኔቱ ሲዞር ኮከቡን በስበቱ ጥቂት ስለሚያወዛውዘው፣ በዚያ ውዝዋዜ ታወቀ።

ኢትዮጵያውያን ተወዳድረው ስም አወጡ። ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተባለ። ሊኔየስ ቡናን በሌላ አገር ስም ከመዘገበ 266 ዓመት በኋላ፣ ቡና በገዛ ስሙ በሰማይ መዝገብ ተጻፈ። የተጻፈበት ሥፍራም ግጥምጥሞሹ የሚደንቅ ነው፤ በጥንቱ የግሪክ ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት።

ሦስት ቀን አለፈ። ዓርብ ታኅሣሥ 10 ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ሰዎች እንጦጦ ላይ ተሰበሰቡ። የያኔው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ደመቀ መኮንን፣ ሳይንቲስቶች፣ ተማሪዎች፣ ከአርባ ሰባቱ ጀምሮ የደከሙ ሰዎች ከቻይና የሚመጣውን የቀጥታ ሥርጭት ይጠብቁ ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ፣ ከታይዩዋን የማስወንጨፊያ ጣቢያ የቻይና ሮኬት ኢቲአርኤስኤስ-1ን ይዞ ተነሣ። ኢትዮጵያ ሳተላይት ያላት አሥራ አንደኛዋ የአፍሪካ አገር ሆነች።

ሳተላይቷ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ በካፋ ገበያ ቋንቋ አራት ፈረሱላ ቡና ማለት ነው። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምታነሣው ምስል አንዷ ነጥብ 13.75 ሜትር ነበረች፤ ከላንድሳቱ ነጥብ ከግማሽ የምታንስ። ሰብልን፣ ደንን፣ ውሃን እንድትከታተል ተሠራች፤ የተቆረጠላትም ዕድሜ ሁለት ዓመት ነበር። የመቆጣጠሪያ ጣቢያዋ እዚያው እንጦጦ ላይ ነበር። ሮኬቱ የሌላ፣ ሳተላይቷ የራሳችን። አርያባታን አስታውሱ።

ከዚያ ወዲህ

በቡና ሥርዓት አቦል ከተጠጣ በኋላ ማንም ተነሥቶ አይሄድም። ቶና አለ። ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁለተኛዋ ሳተላይት ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ ከቻይናው ዌንቻንግ መጠቀች። ክብደቷ ከ9 ኪሎ ግራም አይበልጥም። የጠፈሩና የካርታው ተቋማትም ተዋሕደው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆኑ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ ከመቀመጫዎቹ አንዷ ሆነች፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲም ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም አላት።

ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የናሳ «ሉሲ» መንኮራኩር በማርስና በጁፒተር መካከል አንዲት ትንሽ የጠፈር አለት አጠገብ አለፈች። የአለቷ ስም «ድንቅነሽ» ነው። መንኮራኩሯ ስትጠጋ ያልተጠበቀ ጨረቃ ተገኘላት፤ ዲኪካ ላይ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በተገኘችው ሕፃን ስም «ሰላም» ተባለ። መንኮራኩሯ በጥንታዊቷ ቅሪተ አካል የእንግሊዝኛ ስም ተጠራች፤ የደረሰችበት አለት ግን በአማርኛ ስሟ። ስማችን ከእግራችን ቀድሞ ሩቅ እየሄደ ነው።

እግርስ? ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ እ.ኤ.አ. በ2002 ከፍሎ ወጣ፤ ግብፃዊቷ ሣራ ሳብሪ በ2022 ለደቂቃዎች የጠፈርን ደጃፍ ነካች። ቻይና ከመጀመሪያ ሳተላይቷ በራሷ መንኮራኩር ሰው እስክታወጣ 33 ዓመት ፈጀባት። በብስክሌት የጀመረችው ሕንድ በራሷ መንኮራኩር ሰው ለመላክ «ጋጋንያን» የተባለውን ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2018 አወጀች፤ አርያባታ ከመጠቀች 43 ዓመት በኋላ። በ2024 አራት ጠፈርተኞቿን በስም አስተዋወቀች፤ ከአራቱ አንዱ ሹባንሹ ሹክላ በ2025 በሌላ አገር መንኮራኩር እስከ ዓለም አቀፉ ጣቢያ ደርሶ ልምድ ይዞ ተመለሰ። የእኛ ቆጠራ የሚጀምረው ከታኅሣሥ 2012 ነው። አገር የሚዘገየው መንገዱ ረጅም ስለሆነ አይደለም፤ ከአቦሉ በኋላ ጀበናውን ካነሣ ነው።

ስለዚህ ዝግጅቱ ምንድን ነው ለሚል ሰው መልሱ በታሪኩ ውስጥ አለ። አዲስ አበባ ላይ የመርፌን መንቀጥቀጥ የሚመዘግብ ሰው ነበር። እንጦጦ ላይ የማይተው አርባ ሰባት ሰዎች ነበሩ። ካፋ ውስጥ ስልክ ይዞ ከዛፉ ሥር የሚቆም ደን ጠባቂ ነበር። የሚወጣው ሰው የሚወጣው በእነዚህ ትከሻ ነው፤ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ባለው ትምህርት ቤት፣ በሚከፈለው መምህር፣ በማይቋረጥ በጀት። የካፋ ልጅም ከዚያ ሰልፍ መቅረት የለበትም።

በታኅሣሥ ምሽት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ቦንጋ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ያየ ሰው አንድሮሜዳን ከፍ ብላ ያገኛታል። ቡና በባዶ ዓይን አይታይም፤ ደህና መነጽር ይፈልጋል። ዛሬ የሚደርሰው ብርሃን ያኔ የተነሣው ነው፤ ታቶ በነገሠበት፣ ኮከቡ ስም ባልነበረው ዘመን። ዛሬ ማታ የሚነሣው ግን ቡና ከሚባል ኮከብ ይነሣል፤ የሚደርሰውም ከ200 ዓመት በኋላ ነው። ከታች፣ ሳር በተጎዘጎዘበት ቤት፣ ጀበናው ዘንበል ብሎ ተቀምጧል። አተላው እስኪረጋ ይጠበቃል። ከዚያ አቦሉ ይቀዳል።